ኅዳር ሲታጠን የምንተነፍሰው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ኅዳር 12ን በአፍንጫው ያውቀዋል። ገና ከአልጋ ሳትነሱ ሽታው በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። በየሰፈሩ የተጠራቀመው ቆሻሻ ደጅ ላይ ተከምሮ ይለኮሳል፤ ከእንጦጦ ሆናችሁ ቁልቁል ብታዩ ከተማዋ ግራጫ ነጠላ የለበሰች ትመስላለች። እኔ በልጅነቴ ቀኑን በጣም ነበር የምወደው። እሳት መቆስቆስ የሚፈቀድልን በዚያ ቀን ነዋ! ዓይናችን እያለቀሰ፣ እያሳለን፣ ፌስታልና የተቀደደ ጫማ ለቅመን እሳቱ ላይ እንወረውር ነበር። ፌስታል እንጨት ጫፍ ላይ ተሰክቶ ሲቃጠል እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ እያንዳንዱ ጠብታ ሲወርድ «ዙፍ» ይላል። ይህን ድምፅ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ።

ልማዱ ከየት መጣ ብላችሁ አያቶቻችሁን ብትጠይቁ «የኅዳር በሽታ» ይሏችኋል። ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1918) ኅዳር ወር ላይ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። የበሽታው ምክንያት ምን እንደሆነ በዚያን ጊዜ በየትም ሀገር በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም፤ በሰው ላይ ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። የተበላሸው አየሩ ነው ተብሎ ከታሰበ ደግሞ መፍትሔው አየሩን ማጠን ነው። ቤት ይታጠናል፣ ልብስ ይታጠናል፣ እንስራ በወይራ ይታጠናል። ከተማዋም ታጠነች።

በእነዚያ ሰዎች ልንስቅ አይገባም። ቆሻሻን ከደጅ ማንሳት ያኔም ዛሬም ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ጭሱ ቫይረሱን አለመግደሉ ነው። እንዲያውም ጭስ የሳንባን መከላከያ ስለሚያዳክም የመተንፈሻ በሽታ በቀላሉ እንዲይዘን ያደርጋል። ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። በ1911 የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠል፣ እበትና አሮጌ ጨርቅ ነበር። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን የሚባለው ፕላስቲክ ገና በዓለም ላይ አልነበረም። እሱም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው፣ እንግሊዝ ሀገር፣ በአጋጣሚ። ይህችን 1933 ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ማንኪያውና ሻማው

እስቲ አንድ ቀላል ሙከራ እንሥራ። (ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።) ሻማ ለኩሱ። ነበልባሉ ብሩህ ነው፣ ጭስም ብዙ አይታይም። አሁን የማንኪያ ጀርባ ነበልባሉ መሀል ለአንድ ሁለት ሰከንድ አስገቡና አውጡት። ጠቆረ አይደል? ጥቁሩ ከየት መጣ? ማንኪያው ንጹሕ ነበር፣ ሻማውም ነጭ ነው።

እንጨትም ሆነ ናፍጣ፣ ሻማም ሆነ ፌስታል፣ በዋናነት ካርቦንና ሃይድሮጅን አለበት። በቂ ሙቀትና በቂ ኦክስጅን ካገኘ ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጅኑ የውሃ ተን ይሆንና ነገሩ ያልቃል፤ ጭስ የሚባል ነገር አይተርፍም። ማንኪያው ግን ነበልባሉን አቀዘቀዘው። ቃጠሎው መሀል መንገድ ላይ ተቋረጠ። ጭስ ማለት እንግዲህ ተጀምሮ ያላለቀ ቃጠሎ ነው። ከማንኪያው ላይ የምትጠርጉት ጥላሸት መቃጠል ሲገባው ያመለጠ ነዳጅ ነው።

ያመለጡት የካርቦን ቁርጥራጮች ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡም። በሙቀቱ ውስጥ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ስድስት ካርቦን ያለው ቀለበት ይሠራሉ። ከቀለበቱ ጎን ሌላ ቀለበት፣ ከዚያም ጎን ሌላ ይጨመራል። ቅርጹን ማየት ከፈለጋችሁ የማር እንጀራ አስታውሱ፣ ባለ ስድስት ጎኖቹን ቀዳዳዎች። ኬሚስቶች እነዚህን ሞለኪውሎች ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን ይሏቸዋል። ስማቸው ምላስ ያስራል፤ እዚህ «ባለ ብዙ ቀለበቶቹ» እያልን እንቀጥል።

ከመካከላቸው አንዱን ታውቁታላችሁ፤ ናፍታሊን ነው። ልብስ ሣጥን ውስጥ ብል እንዳይገባ የሚቀመጠው ነጭ ኳስ ማለት ነው። ናፍታሊን ሁለት ቀለበት ብቻ ስላለው ቀላል ነው፤ እየተነነ ወደ አየር ይወጣል፣ ለዚህም ነው ሣጥኑን ስትከፍቱ የሚሸታችሁ። አምስት ቀለበት ያለው ግን ከባድ ነው። ከነበልባሉ ሲወጣ ጋዝ ነው፤ ጭሱ ሲበርድ ግን በጋዝነት መቆየት ስለማይችል አጠገቡ ያገኘው ጥላሸት ላይ ይለጠፋል። ጥላሸቱ ታክሲ፣ እሱ ተሳፋሪ ሆነ ማለት ነው።

ታክሲው በጣም ትንሽ ነው። ስለ አየር ብክለት በተወራ ቁጥር «ፒኤም 2.5» ሲባል ሰምታችኋል፤ ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ ብናኞች ማለት ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከእነዚህ ብናኞች ወደ 30 የሚጠጉት ጎን ለጎን ቢሰለፉ ነው አንድ ፀጉር የሚያህሉት። አብዛኛው ጥላሸት ደግሞ ከዚህም በጣም ያንሳል። ትልልቁን አቧራ አፍንጫችን ይይዘዋል (ኅዳር 12 ማታ ስትናፈጡ የሚጠቁረው ለዚህ ነው)፤ ትንንሹ ግን አልፎ እስከ ሳንባ መጨረሻ፣ እስከ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ይወርዳል። አንድ ሰው በቀን ወደ 20 ሺህ ጊዜ ይተነፍሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የሚኖረው ፒኤም 2.5 በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአዲስ አበባ አየር በተለካ ጊዜ ሁሉ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚገቡት ልጆች

ይህ ጥላሸት በሽታ እንደሚያመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያስረዳው ፐርሲቫል ፖት የሚባል የለንደን ቀዶ ሐኪም ነው፣ በ1775 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን የለንደን ቤቶች በድንጋይ ከሰል ይሞቁ ስለነበር ጭስ ማውጫዎቹ በጥላሸት ይደፈናሉ። ጠባብ ስለሆኑ ለመጥረግ የሚላኩት ትንንሽ ልጆች ነበሩ። እንደ እናንተ ያሉ፣ ከእናንተም የሚያንሱ። ልጆቹ ሲያድጉ በብልታቸው አካባቢ ቆዳ ላይ ካንሰር ይይዛቸው ጀመር። ፖት ምክንያቱ በቆዳቸው እጥፋት ውስጥ የሚቀመጠው ጥላሸት ነው አለ። አንድ ካንሰር በሥራ ቦታ ካለ ነገር ጋር ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ጥላሸቱ ውስጥ ያለው የትኛው ነገር ነው? መልሱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1915 ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ሬንጅ የጥንቸል ጆሮ ላይ ለወራት እየደጋገሙ ቀብተው ካንሰር እንደሚያመጣ አሳዩ። ከዚያ ለንደን ውስጥ ኤርነስት ኬናዌይና ባልደረቦቹ ሁለት ቶን ያህል ሬንጅ መሰል ዝቃጭ አምጥተው እያነጠሩ፣ እያጠሩ፣ ጥፋተኛውን ፍለጋ ገቡ። ከሁለት ቶን የወጣላቸው ጥቂት ግራም ነው። ስሙ ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ይባላል፤ 20 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ አምስት ቀለበት። ውጤቱ የታተመው መቼ ይመስላችኋል? በ1933! የኅዳር በሽታ ቫይረስ፣ ፌስታሉና በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ፣ ሦስቱም በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሀገር ተገኙ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን በራሱ ሰነፍ ሞለኪውል ነው። ከዲኤንኤ ጋር ብቻውን ቢገናኝ ምንም አያደርገውም። አደገኛ የሚያደርገው የራሳችን ሰውነት ነው፣ ያውም ሊያስወግደው ሲጥር። ሞለኪውሉ በውሃ አይሟሟም፣ ስለዚህ በሽንት ሊወጣ አይችልም። የሕዋሶቻችን ኢንዛይሞች ውሃ እንዲቀበለው ብለው ኦክስጅን ይለጥፉበታል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በመሀል የሚፈጠረው ነገር ግን በጣም ተናካሽ ነው፤ ዲኤንኤ ውስጥ ጉዋኒን የሚባለውን ፊደል ያገኝና ይጣበቅበታል። ሕዋሱ ሲባዛ ያ የተበላሸ ፊደል በስህተት ይገለበጣል። በ1996 የታተመ ጥናት ይህ ሞለኪውል የሰውን ሕዋስ ከካንሰር በሚጠብቀው ፒ53 በሚባለው ጂን ላይ የሚጣበቅባቸው ቦታዎች በሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ በብዛት ተበላሽተው የሚገኙት ቦታዎች ራሳቸው መሆናቸውን አሳየ። ልክ እንደ ጣት አሻራ!

ደግነቱ ሕዋሶቻችን ስህተት የሚያርሙ ጠጋኞች አሏቸው። አብዛኛው ጉዳት በዚያው ቀን ይታረማል። ችግር የሚመጣው ጠጋኙ እፎይ ሳይል ሌላ ጭስ፣ ነገም ሌላ ጭስ ሲመጣ ነው።

የኤሌክትሪክ ገመድ ሲቃጠል

እስካሁን ያልነው ለእንጨትም ይሠራል። ዛሬ ኅዳር 12 የሚነደው ክምር ግን እንጨት ብቻ አይደለም። ፌስታል ውስጥ ያለው ካርቦንና ሃይድሮጅን ስለሆነ ጭሱ በዋናነት ጥላሸትና ባለ ብዙ ቀለበቶቹ ናቸው። የቲቪና የፍሪጅ ማሸጊያ የሆነው ነጩ ፎም ሲቃጠል ደግሞ ጭሱ ጥቁር ክር እየሆነ ሲወርድ አይታችኋል።

ዋናው ክፉ ፒቪሲ ነው። የውሃ ቧንቧ፣ የወለል ላስቲክ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን የሚሠሩበት ፕላስቲክ ነው። ክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው። ሲቃጠል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝ ይወጣዋል። ካርቦን፣ ክሎሪንና ዝቅ ያለ ሙቀት ሲገናኙ ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባሉ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ መዳብ ካለ ይህን ያፋጥነዋል። አስቡት እስቲ፤ መዳቡን አውጥተው ለመሸጥ ገመድ የሚያቃጥሉ ልጆች አሉ። ክሎሪኑ ሽፋኑ ውስጥ፣ መዳቡ መሀሉ ላይ፣ እሳቱ ደካማ፣ ልጁም አጎንብሶ። ዳይኦክሲን ለመሥራት ሆን ብለን ብንነሳ ከዚህ የተሻለ ዝግጅት አናገኝም። አሮጌ ገመድ ሽፋኑ ውስጥ እርሳስም ሊኖር ይችላል፤ እርሳስ አይቃጠልም፣ ብናኝ ሆኖ ይበተናል ወይም አመዱ ውስጥ ይቀራል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል።

ዳይኦክሲን በአፍንጫ ብቻ የሚገባ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ወደ ሰው የሚደርሰው በምግብ ነው። ብናኙ ሣር ላይ ያርፋል፣ ላም ትግጠዋለች፣ ስቡ ውስጥ ይከማቻል፣ ከዚያ ወተትና ሥጋ ውስጥ ይመጣል። በሰው አካል ውስጥ ግማሹ እንኳ ተወግዶ እስኪያልቅ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። የከተማችን ላሞች የት የት እንደሚግጡ ደግሞ ታውቃላችሁ።

የቀሩት 364 ቀኖች

ኅዳር 12ን አስቀደምኩ እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ቀን ላይ መጫን ልክ አይደለም። ሌላውን ቀን የሚያጨሱት ናፍጣ የሚጠጡት አሮጌ ቅጥቅጦችና ከባድ መኪናዎች፣ እንጀራ የሚጋገርበት እንጨትና ቅጠል፣ የየግቢው ቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስን በ2012፣ የከተማ አየር ብክለትን ደግሞ በ2013 «በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ» ብሎ ምድብ 1 ውስጥ አስገብቷቸዋል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩን የሚያባብሱ ሁለት የተፈጥሮ ነገሮች አሉ። አንደኛው ከፍታዋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ኦክስጅኑ ከባሕር ዳርቻ ከተማ በሩብ ገደማ ያንሳል። አሮጌ ሞተር ይህን አያውቅም፤ ነዳጁን ያንኑ ያህል ይረጫል፣ የሚያቃጥልበት አየር ግን ያጥረዋል። ማንኪያውን አስታወሳችሁ? ሁለተኛው የማለዳው ብርድ ነው። ሌሊት መሬቱ ሲበርድ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይገጥማል። ጭሱ ወደ ላይ መውጫ ያጣል። ፀሐይ ወጥታ ክዳኑን እስክታነሳው ድረስ፣ ማለትም እናንተ ወደ ትምህርት ቤት በምትሄዱበት ሰዓት፣ የከተማው ጭስ በአፍንጫችሁ ቁመት ላይ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሰምታችኋል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ማውጫ የለውም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የጎማና የመንገድ ብናኝ ግን አሁንም ይቀራል፣ የድሮዎቹም መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ።

አንዲት ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ከሰል ሲቀጣጠል ፌስታል ወይም የላስቲክ ቁራጭ ከሥሩ የሚያደርጉ ቤቶች አሉ፤ ቶሎ ይያዛላ። ከሰል እንጨት በነበረ ጊዜ አብዛኛውን ጭሱን ገጠር፣ የተከሰለበት ቦታ ጥሎት መጥቷል፤ ለዚህ ነው ቤት ውስጥ ብዙ የማይጨሰው (የማይታየው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አለ፣ በተዘጋ ክፍል ይገድላል)። በዚያች ፌስታል የቀረውን ጭስ መልሰን እንሰጠዋለን፣ ያውም በባሰ መልኩ፣ ያውም ቡና የሚጠጣበት ክፍል ውስጥ።

ታዲያ ልንፈራ ነው?

ቁጥር እንይ። የአውሮፓ ኅብረት ለቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ያስቀመጠው ዓመታዊ ግብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ናኖ ግራም ነው። ናኖ ግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት እንደሚለው 100 ሺህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን 1 ናኖ ግራም ያለበትን አየር ቢተነፍሱ በዚሁ ምክንያት ወደ 9 ተጨማሪ ካንሰር ይጠበቃል። ስለዚህ አንድ ቀን ጭስ የሸተተው ልጅ ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም። እኔም ያ ሁሉ ፌስታል አቃጥዬ ይኸው እየጻፍኩላችሁ ነው። ለአንድ ሰው ዕድሉ ትንሽ ነው፤ መጠኑ አሥር እጥፍ ሲሆን ግን ቁጥሩም አሥር እጥፍ ይሆናል፣ በሚሊዮኖች ከተማም ሲባዛ ብዙ ቤተሰብ ማለት ነው።

ካንሰር ብቻም አይደለም። በብናኝ ምክንያት ከሚሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ የሚሞቱት በልብ ሕመምና በስትሮክ ነው። ልጆች ደግሞ ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳሉ፤ ሳንባቸውም ገና እያደገ ነው። ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆችን ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት አየራቸው በተበከለ ሰፈሮች ያደጉት ሳንባቸው ያነሰ አቅም ይዞ እንደቀረ በ2004 አሳየ። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ ነፍሰ ጡር እናቶች አየር የሚለካ መሣሪያ በጀርባ ቦርሳ ለ48 ሰዓት ተሸክመው እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። ባለ ብዙ ቀለበቶቹን በብዛት የተነፈሱት እናቶች ልጆች አምስት ዓመት ሲሞላቸው በአእምሮ ብቃት ፈተና በአማካይ ወደ 4 ነጥብ አንሰው ተገኙ። የፖላንድ ከተማ በሆነችው ክራኮው በተመሳሳይ መንገድ የተሠራው ጥናት ውጤቱ ወደዚያው ያመለክታል። ክራኮው የከሰል ጭሷ የታወቀ ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ በየቤቱ ድንጋይ ከሰልም እንጨትም ማቃጠልን ከለከለች። የካሊፎርኒያውም ታሪክ መልካም ዜና አለው፤ አየሩ እየጸዳ ሲሄድ በኋላ ያደጉት ልጆች የተሻለ ሳንባ ይዘው አደጉ። በ2015 የታተመ ነው።

ብዙ ጊዜ ከምትጠይቁኝ ሁለቱን ልመልስ። «ነጠላ አፍ ላይ መሸፈን ይከላከላል?» ትልልቁን አቧራ እንጂ ይህን አይከላከልም፤ የክሮቹ ክፍተት ለጥላሸት የመስቀል አደባባይን ያህል ሰፊ ነው። ኤን95 የሚባለው ማስክ ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ብናኙን ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይዝም። ከእሳቱ መራቅና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መቆም ከነጠላው ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ፌስታሉ፣ ገመዱና ባትሪው መጀመሪያውኑ ክምሩ ላይ እንዳይወጡ መለየት ነው። ይህን ልጆች ከአዋቂ በተሻለ ትሠሩታላችሁ፤ እኛ የምንወረውረውን በፈለግንበት ፍጥነት መልቀም ነው።

«እጣኑስ?» እጣንም ያላለቀ ቃጠሎ ነው፤ በእጣን ጭስ ውስጥ ባለ ብዙ ቀለበቶቹ ተለክተው ተገኝተዋል። መጠኑ ከሚነድ ክምር ጋር አይወዳደርም፣ ግን ክፍሉ ጠባብና የተዘጋ ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ መስኮት ይከፈት እላለሁ፤ እሷ ደግሞ «ሽታው ይወጣብኛል» ትለኛለች። እስካሁን አልተስማማንም። ለጊዜው ግማሹን እንከፍታለን።